ለግል ጥቅም የተቀዳ

እናቴን ሌባ ያላትን ሰው ስም እዚህ አልጽፍም። ብጽፈው ደስ ባለኝ ነበር። ግን መካነ ሰላም ትንሽ ከተማ ናት፤ ባልጽፈውም የሚያውቀው ያውቀዋል። እናቱ ደግሞ የግድግዳ ጎረቤታችን ናቸው። ከልጅነቴ ጀምሮ እትዬ እያልኩ የምጠራቸው፣ እናቴ ገበያ ስትሄድ በጀርባቸው ያዘሉኝ ሴት ናቸው። ስለዚህ እሱን ጋዜጠኛው እለዋለሁ። ፊት ለፊት ግን ጋሼ ነው የምለው። በዕድሜ ይበልጠኛል፤ ያሳደጉኝ ሰዎችም ታላቅን በስሙ መጥራት አላስተማሩኝም። ስበቀለውም ጋሼ እያልኩ ነው የተበቀልኩት።

ነገሩን ለመረዳት የከተማችንን መብራት ማወቅ ያስፈልጋል። በዚያ ሰሞን መብራት የሚመጣው በፈረቃ ነበር። ላይ ሰፈር ሲበራ እኛ ታች ሰፈር እንጨልማለን፤ ለኛ ሲበራ እነሱ ይጨልማሉ። ተከታታይ ድራማ ግን ፈረቃ አያውቅም። ስለዚህ ማንም ሳይሰበሰብና ሳይወስን አንድ ልማድ መጣ፤ መብራት ያለው ለሌለው ይቀዳል። ሪሲቨሩ ላይ ፍላሽ ይሰካል፣ ሪሞቱ ላይ ያለው ቀዩ ቁልፍ ይጫናል፣ በማግስቱ ፍላሹ ዳገቱን ይወጣል ወይም ይወርዳል። ድሮ ሰው ከጎረቤቱ ፍም እንደሚጭረው ማለት ነው። እሳት ሊጭር የመጣን ሰው ሌባ ያለ የለም።

የኛ ሪሲቨሮች እየቀዱ ሌላ ጣቢያ አያሳዩም። ቀዩ ቁልፍ ከተጫነ ቤተሰቡ በሙሉ ጎረቤት ያዘዘውን እያየ ይቀመጣል። ላይ ሰፈር በኛ ድራማ የተነሳ የኳስ ጨዋታ ያመለጣቸው አባወራዎች ነበሩ። መንገድ ላይ ሲያገኙን "ያቺ ሙሽራችሁ አሁንም አላገባችም? በሷ ሰበብ ዋንጫ አለፈኝ እኮ" ይሉን ነበር።

ሌላም ደንብ ነበር። ፍላሽ ባዶውን አይመለስም። ምግብ የመጣበት ሰሃን ባዶውን እንደማይመለስ ሁሉ፣ ድራማ የመጣበት ፍላሽም ሲመለስ የሆነ ነገር ይጫንበታል። መንዙማ፣ መዝሙር፣ የልጆች ተረት፣ የተገኘው። ይህን ደንብ አስታውሱልኝ፤ በኋላ ያስፈልገኛል።

አባቴ ጠዋት ጠዋት ልጆች ቁርኣን ያስቀራ ነበር። መውሊድ ሲደርስ ወይም የሆነ ቤት ዱዓ ሲኖር መንዙማ ያወጣል። ከከላላ በኩል በቅሎ ይዘው መጥተው የሚወስዱት ሰዎች ነበሩ። አንድ መውሊድ ላይ የቴሌቪዥን ሰዎች መጥተው ቀረጹት፤ ስሙን እንኳ አልጠየቁትም። በበዓል ፕሮግራም ሲተላለፍ ፈረቃው የኛ ስለነበር እናቴ ራሷ ቀዩን ቁልፍ ተጫነች። አባቴ ራሱን በቴሌቪዥን አይቶ ያለው ነገር ቢኖር "ጥምጣሜ ዘሟል። ይሄ ሁሉ ሰው ተቀምጦ አንድ የሚነግረኝ ይጥፋ?" ብቻ ነው።

ከዚያ ታመመ፣ ሞተም። በስልክ የቀዳነው ነበር፤ ስልኩ ሲበላሽ አብሮ ጠፋ። ኢንተርኔት ላይም ፈልጌ ነበር፤ ያንን የበዓል ፕሮግራም የጫነው የለም። የአባቴ ድምፅ የቀረው በዚያች አንድ ፍላሽ ላይ ነበር። በሪሲቨር የተቀዳ ነገር ደግሞ በስልክ አይከፈትም። ኮምፒውተር ቤት ወስጄ ላስገለብጠው ሞክሬ አልሆነልኝም። እናቴ ከመቁጠሪያዋ፣ ከሙስበሃው ጋር በሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ውስጥ ታስቀምጣታለች። ጁምዓ ከዓስር ሶላት በኋላ ታወጣትና ትሰካታለች። እትዬም ይመጣሉ። እሳቸው ክርስቲያን ናቸው፤ ግን አዝማቹን ከኔ ቀድመው ነው የሚቀበሉት።

ጋዜጠኛው የመጣው እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። በዚያ ሰሞን በሬዲዮም በቴሌቪዥንም ስለ ቅጂ መብት ብዙ ይወራ ነበር። ዘገባዎቹ ሁሉ በአንድ ቅርጽ የተጋገሩ ይመስሉ ነበር። መጀመሪያ አንድ ዘፋኝ ያዝናል፤ ቀጥሎ አንድ የሕግ ባለሙያ ያስረዳል፤ መጨረሻ ላይ ባለቤቱ የማይታወቅ እጅ ፍላሽ ሲሰካ ይታያል። እጁ ሁልጊዜ የድሃ እጅ ነው። ቀድቶ የሚቸረችረውም ለቤቱ የሚቀዳውም በአንድ ቃል ነበር የሚጠሩት። እኛም እያየን "እውነት ነው፣ ልፋታቸው ያሳዝናል" እንል ነበር። ስለኛ እንደሚወራ አልገባንም።

እሱ የሚሠራው አባቴን ከቀረጸው ጣቢያ ነው። ለበዓል እናቱን ሊጠይቅ ሲመጣ ካሜራ የያዘ ባልደረባውን አስከትሎ ነበር። ገና ከደጃፋችን ሲገባ እናቴ ፊቱን አየችና "ከሳህሳ። እዚያ አያበሉህም?" አለችው።

"ሥራ ነው እማማ።"

"ሥራስ እኛም እንሠራለን። ና ቁጭ በል።"

ቁጭ አለ፣ በላ፣ እጁን ታጠበ። ከዚያ በኋላ ስለ ቴክኖሎጂ አንድ ፕሮግራም እየሠራ እንደሆነ፣ የከተማችን ሰው መብራት በሌለበት እንዴት ዘዴ እንደፈጠረ ማሳየት እንደሚፈልግ ነገረን። እናቴ ደስ አላት። ሻሿን አውልቃ ንጹሑን አሰረች። ጋዜጠኛው ብርሃን እንዲገባ መጋረጃውን ክፈቺልኝ አለኝና ከፈትኩለት። ያንን መጋረጃ ባሰብኩ ቁጥር ጥርሴን እነክሳለሁ።

"እስቲ እንዴት እንደሚቀዱ ያሳዩን" አላት።

"ይቺን እዚህ እሰካለሁ። ቀዩን እጫናለሁ። ከዚያ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። ሌላ ምን አለው?"

"ከማን ፈቃድ ይጠይቃሉ?"

"የማንን ፈቃድ? ቴሌቪዥኑ የኔ ነው" አለች እናቴ። ሁላችንም ሳቅን። እሱም ሳቀ። ካሜራ የያዘው ብቻ አልሳቀም፤ አሁን ሳስበው ከሁለቱ የሚሻለው እሱ ነበር።

ሊወጣ ሲል የአባቴን ፍላሽ ለአንድ ቀረጻ እንደሚፈልጋት፣ በቅርበት አንስቷት በማግስቱ እንደሚመልሳት ተናገረ። እናቴ እጇን ቆርቆሮው ላይ አደረገች።

"የሱ ድምፅ ናት እኮ" አለችው።

"እኔ እኮ ነኝ እማማ። ሲያስቀሩ አጥሩ ላይ ተንጠልጥዬ እየሰማሁ ያደግኩ ልጅ። ከኔ ትሰስቻለሽ?" አንቱታውን ትቶ እንደ ልጇ አንቺ አላት። በዚያ አንቺታ ተሸነፈችና ሰጠችው።

በማግስቱ በጠዋቱ መኪና በአቀስታ በኩል ወደ ደሴ ሄደ። ፍላሿም አብራው ሄደች።

ዘገባው የተላለፈ ዕለት ጨለማው የኛ ነበር። ላይ ሰፈር የምትኖረው አክስቴ እንድትቀዳልን ተላከባት። ፍላሽ ሰክታ፣ ቀዩን ቁልፍ ተጭና ለቅሶ ሄደች፤ ስለዚህ ምን እንደቀዳች አላየችም። በማግስቱ ከሰዓት ፈረቃው ወደኛ ሲዞር ይዛልን መጣች። እትዬ ለዓመት በዓል የሚለብሱትን ጥልፍ ቀሚስ ለብሰው መጡ። ጎረቤቱም መጣ። እናቴን ከፊት አስቀመጧት፤ በቴሌቪዥን ልትታይ ነዋ።

"እንግዲህ ዝም በሉ" አሉ እትዬ። "ልጄ ሲናገር ማንም እንዳያስል።"

ማንም አላሳለም። አንድ ዘፋኝ አዘነ። አንድ የሕግ ባለሙያ አስረዳ። ከዚያ የእናቴ እጅ መጣ፣ ፍላሿን ስትሰካ። ከዚያ ፊቷ። የጋዜጠኛው ድምፅ የሰው ላብ በየጓዳው እንዴት እንደሚዘረፍ፣ ዘራፊዎቹ ነውርነቱን እንኳ እንደማያውቁት ይተነትን ነበር። "የማንን ፈቃድ? ቴሌቪዥኑ የኔ ነው" ብላ የሳቀችውን አንዴ አሳዩት፤ ቀስ አድርገው ደግመው አሳዩት። እንዲህ ተጎትቶ ሲታይ ሳቋ የሌላ ሰው ሳቅ ይመስል ነበር። ከሥሩ ደግሞ እንደ ማጀቢያ ሙዚቃ አንድ ድምፅ ነበረበት። አባቴ ነበር። ሚስቱ ሌባ ስትባል ከኋላ ሆኖ የነቢዩን ውዳሴ ያዜማል።

"ዝጊው እህቴ" አሉ እትዬ። "በማርያም ዝጊው።"

"አይ" አለች እናቴ። "ይጨርስ።"

ጨረሰ። ክፍሉ ውስጥ የተቀመጠው ሰው መሬት መሬቱን ያይ ነበር። እናቴ ተነስታ ፍላሹን ነቀለችና ለአክስቴ መለሰችላት። "ጠርቶ ነው የተቀዳ" አለቻት።  እትዬ "እኔ ነኝ የወለድኩት" እያሉ በጥልፍ ቀሚሳቸው ወጡ። ያን ቀን እናቴን አብሽሪ ማለት አልቻሉም፤ ከዚያ በፊት እናቴ አዝና አብሽሪ ሳይሏት የቀሩበት ቀን አላውቅም።

ከዚያ በኋላ እናቴ ቀዩን ቁልፍ አልነካችም። ገበያ ላይ ቅቤ የምትሸጥ ሴት "ቅቤዬን ደግሞ እንዳትቀጂብኝ" አለቻት፤ ሰው ሳቀ፣ እናቴም አብራ ሳቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ገበያ የምትልከው እኔን ሆነ። ጁምዓ ከዓስር በኋላ ቆርቆሮውን ትከፍታለች፤ ሙስበሃውን ብቻ ታወጣለች።

ደወልኩለት። ትሕትና አይጎድልብኝም፤ መጀመሪያ ስለ ጤናው ጠየቅኩት፣ ከዚያ ስለ ፍላሿ።

"ትገኛለች፣ ዕቃዬ መሃል ናት" አለኝ። "ደግሞ ነገሩን በስሜት አትዩት። ዘገባው ስለ አንድ ግለሰብ አይደለም። ስለ ሕግ ነው።"

"የሷ ፊት ነው የታየው ጋሼ።"

"ፊት የሌለው ዘገባ ማን ያያል? ስታድጊ ይገባሻል።"

"እሺ ጋሼ። አመሰግናለሁ" ብዬ ዘጋሁ።  ሁለት ጊዜ ደግሜ ደወልኩ፤ አላነሳም። ያን ጊዜ ነው ይህን ሰው እንደማልምረው የወሰንኩት። የምፈልገው የአባቴን ድምፅ ነበር። ግን ድምፁ ብቻውን ተመልሶ ቢመጣ እንደማይበቃኝም አውቅ ነበር።

መንገዱን ያሳየኝ ራሱ ነው። የሱ ሳምንታዊ ፕሮግራም የሚተላለፍበት ምሽት ለታች ሰፈር ሁልጊዜ ጨለማ ነበር። እትዬ የልጃቸውን ፊት የሚያዩት ላይ ሰፈር ሰው ሲቀዳላቸው ብቻ ነው። ጉልበታቸው ዳገቱን በቀን እንኳ በምርኩዝ ነው የሚወጣው፤ በምሽት የማይታሰብ ነው። እኔም ዳገቱን ወጣሁ። የሚቀዱላቸውን ቤቶች አንድ በአንድ አንኳኳሁ። ጫማዬን ደጅ እያወለቅኩ ገባሁ፣ የአዛውንቶቹን እጅ ሳምኩ፣ በጨዋ ደንብ ተናገርኩ።

"ጋዜጠኛው ሰው የሠራውን በፍላሽ መቅዳት ሌብነት ነው ብሏል። ፕሮግራሙ ደግሞ የሱ ሥራ ነው። እትዬ ትልቅ ሰው ናቸው፤ በልጃቸው ሥራ ሌባ እንዳይሆኑብን እባካችሁ አትቅዱላቸው" አልኳቸው።

ሰው ወዲያው ገባው። አንዳንዱ ፈገግ አለ። ኳስ ያመለጣቸው አንድ አባወራ "ሕግ ከሆነማ ይከበራል" አሉ፤ ሪሞቱን ጉልበታቸው ሥር አስገቡት። አክስቴ ብቻ አፍጥጣ አየችኝ።

"አንቺ ልጅ፣ ይሄን ከማን ተማርሽው?"

"ከሱ" አልኳት።

የእትዬ ፍላሽ ዳገቱን ወጥታ ባዶዋን ተመለሰች። በሚቀጥለው ሳምንትም ባዶዋን ተመለሰች። አንዱ መብራት ተቆራረጠ አላቸው፣ ሌላው ረሳሁት አላቸው። በመጨረሻ አንዲት ሴት እውነቱን ነገረቻቸው፤ "ልጅዎ ራሳቸው ነውር ነው ብለውናል እትዬ።" እትዬ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ፍላሿን በጣታቸው ሲያገላብጧት በአጥሩ ቀዳዳ አየኋቸው። በስልኬ ፈልጌ ላሳያቸው እችል ነበር፤ የሱን ፕሮግራም ጣቢያው ኢንተርኔት ላይ ይጭነዋል። አላሳየኋቸውም። እሳቸው ምንም አላደረጉኝም። ግን እሱን የሚያመው ሌላ ቦታ አላገኘሁም።

እናቴ ነገሩን ስትሰማ "የሷ ጥፋት ምንድን ነው?" አለችኝ።

"የአባቴስ ጥፋት ምን ነበር?" አልኳት።  አቁሚ አላለችኝም።

ዩኒቨርሲቲ ስገባም አልተውኩትም። ከግቢ እየደወልኩ አክስቴን "አልተቀዳም አይደል?" እላታለሁ። በትርፍ ሰዓቴ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ የቅጂ መብት አዋጁን ፈልጌ አነበብኩ። የሕግ ተማሪ አይደለሁም፤ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ገና ትምህርት ክፍል አልመረጠም። ስለዚህ በጥንቃቄ ነው የምናገረው። ሰው ለግል ጥቅሙ አንድ ቅጂ ቢያስቀር አዋጁ ሌባ አይለውም። ለጎረቤት መቅዳት ከየትኛው ወገን እንደሚመደብ ግን ግልጽ አልሆነልኝም፤ መምህር ጠይቄ እሳቸውም ያከራክራል አሉኝ። አንድ ነገር ግን ግልጽ ነበር። ድምፁን ያሰማ ሰውም መብት አለው፤ መብቱም ሲሞት አብሮት አይቀበርም። ጋዜጠኛው ስለ ቅጂ መብት በሠራው ዘገባ ውስጥ የአባቴን ድምፅ ሳያስፈቅድ አንጥፎበታል። ያን ገጽ ሳነብ ከተሰማኝ ደስታ የተነሳ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እንዳልስቅ ስል በነጠላዬ አፌን ያዝኩ።

ከዚያ ጋዜጠኛው ሹመት አገኘ። የማታውን ዜና ሊያነብ ነው። ለእናቱ ደውሎ የመጀመሪያውን ቀን እንዲያዩት፣ እሳቸው የመረጡለትን ኮት እንደሚለብስ ነገራቸው። ያን ምሽት ታች ሰፈር ጨለማ ነበር። እትዬ ፍላሿን ላይ ሰፈር በየቤቱ ላኳት። ባዶዋን መጣች።

ሲደውልልኝ የመመገቢያ አዳራሽ ሰልፍ ላይ ነበርኩ። ድምፁ የቴሌቪዥኑ ድምፅ አልነበረም።

"እናቴ አልቅሳ ነው የደወለችልኝ። ምን አደረግሻት?"

"ምንም ጋሼ። ዘገባህን ሰው ከልቡ ተቀብሎት ነው።"

"ከሷ ጋር ምን አላችሁ? ጸብሽ ከኔ አይደለም?"

"ነገሩን በስሜት አትየው" አልኩት። "ስለ ግለሰብ አይደለም።"

 የራሱ ቃል ወደ ጆሮው ሲመለስ አጣጣምኩት። ከዚያ "ምንድን ነው የምትፈልጊው?" አለኝ።

"ፍላሿን። በሰው እንዳትልካት። ራስህ ይዘሃት ና።"

ለሴሚስተር ዕረፍት ቤት በነበርኩ ጊዜ መጣ። እትዬ ከኋላው ነበሩ፤ በሰሃን ቆሎ ይዘዋል። እናቴ ቁጭ በሉ አለቻቸው። ፍላሿ ያችው ፍላሽ ነበረች፤ ጥጉ ላይ አባቴ በጥርሱ ሊከፍታት ሲሞክር የነከሰበት ምልክት አለ። እናቴ ተቀብላ ሳመቻት። ከእጇ ተቀብዬ እኔ ሰካሁላት።

ቴሌቪዥኑ ላይ ምንም ፋይል እንደሌለ የሚናገር ጽሑፍ ወጣ። ነቅዬ መልሼ ሰካሁ። ያው ነው።

"ሥራ ሲጣደፍ" አለ ጋዜጠኛው፤ "ቀረጻ ላስቀምጥባት ብዬ... ውስጧ ያለውን ሌላ ቦታ የገለበጥኩት መስሎኝ ነበር።"

"አጥፍተኸዋል?" አሉት እትዬ።

"ሳላውቅ ነው እማዬ።"

እትዬ የያዙትን ሰሃን አዩ። "ሰሃን እንኳ ባዶውን አይመለስም" አሉ። "አንተ የሰው ድምፅ ባዶውን ትመልሳለህ?"

እናቴ አላለቀሰችም። ወደኔ ዞራ "የአክስትሽን ፍላሽ አምጪ" አለችኝ። ዘገባው ያለበትን ማለቷ ነው፤ አክስቴ አላጠፋችውም ነበር። ዳገቱን ሮጬ ወጥቼ አመጣሁ፣ ሰካሁ። እሱ ሊነሳ ሲል "ቁጭ በል" አለችው፤ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፣ እሱም ተቀመጠ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አሳየችው። በእናቱና በእናቴ መሃል ተቀምጦ፣ የገዛ ድምፁ እናቴን ነውር የማታውቅ ዘራፊ ሲላት ሰማ። ከሥሩ አባቴ ያዜማል።

ሲያልቅ እናቴ "አሁን የሱ ድምፅ ያለው እዚህ ውስጥ ብቻ ነው" አለችው። "እሱን ስናፍቅ ይሄንን ነው የምሰማው፤ ስድቡንም አብሬ። ጁምዓ ጁምዓ ከዓስር በኋላ ነው። አንተም ና፤ ቤቱን ታውቀዋለህ።"

የጋዜጠኛው ላብ በግንባሩ ወረደ። በዘገባው ስለ ሰው ላብ ያለው ትዝ አለኝ፤ አፌ ላይ መጥቶ ነበር፣ እትዬን ፈርቼ ዋጥኩት።

ላቡን ጠርጎ የበዓሉ ፕሮግራም ሙሉ ቅጂ ጣቢያው ክምችት ውስጥ ሳይኖር እንደማይቀር ተናገረ። "ግን ከዚያ ቀድቶ ማውጣት ክልክል ነው። ከተያዝኩ ያባርሩኛል።"

"ታዲያ ተባረር" አሉት እትዬ።

እኔ ደግሞ አዋጁን እንዳነበብኩት፣ የአባቴን ድምፅ ዘገባው ሥር ማንጠፉ ምን ሊባል እንደሚችል፣ ማመልከቻ መጻፍም እንደምችል በትሕትና ነገርኩት። "ብሳሳት አርመኝ ጋሼ፤ ገና ፍሬሽማን ነኝ" አልኩት። አላረመኝም።

በሌላ ጁምዓ ተመልሶ መጣ። እኔም ያን ጁምዓ ብዬ ከግቢ መጥቼ ነበር። ቅጂው ያለባትን ፍላሽ ከኮቱ ውስጠኛ ኪስ ሲያወጣ ወደ በሩ ዞር ብሎ አየ፤ ዕቃ ሠርቆ የሚሸጥ ሰው እንደሚያደርገው። እኔ ቀድሜ ስልኬን የስኳር ጣሳው ላይ አስደግፌ አቁሜዋለሁ። መጋረጃውን ከፈትኩ፤ ብርሃን ይግባ ብዬ።

"እስቲ እንዴት እንደቀዳኸው ንገረን ጋሼ" አልኩት።

"ክምችት ክፍሉ ውስጥ ማንም ሳይኖር ገብቼ ነዋ። ሰካሁ፣ ገለበጥኩ፣ ወጣሁ።"

"ከማን ፈቃድ ጠየቅክ?"

"ማንንም አልጠየቅኩም" አለ ተሰላችቶ። ከዚያ ቃሉ ለራሱ ጆሮ ደረሰውና ቀና ብሎ አየኝ።

ይህን ስንነጋገር እናቴ ፍላሿን ሰክታት ነበር። አባቴ መጣ፤ ጥምጣሙ ዘሞ፣ ከሥሩ ማንም ሳይሳደብ፣ ከላዩ ማንም ሳይናገር። እትዬ አዝማቹን ተቀበሉ። እናቴ በሙስበሃው ላይ እጇን አጣጥፋ እስኪያልቅ ቀና አላለችም። ያን ሰዓት እንኳ ዓይኔ ከሱ ላይ አልተነሳም። አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ ይገባዋል።

ሲወጣ እስከ አጥሩ ሸኘሁት። ስልኬን አውጥቼ የመጀመሪያዎቹን ቃላት አሰማሁት፤ ክምችት ክፍሉ ውስጥ ማንም ሳይኖር የሚለውን።

"አጥፊው" አለኝ። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

"ለማንም አላሳይም ጋሼ" አልኩት። "ለግል ጥቅም ነው የቀዳሁት። እሱን ሕጉ ይፈቅዳል።"

ይኸው እስከ ዛሬ አላጠፋሁትም፣ ለማንምም አልላክሁትም። እናቴ ወደ ቀዩ ቁልፍ ተመልሳለች። ላይ ሰፈር ሄጄ እትዬን የሚመለከተውን ልመናዬን በራሴ አፍ ሽሬዋለሁ፤ ፍላሻቸው አሁን ዳገቱን ወጥታ ሞልታ ትመለሳለች፤ የልጃቸውን ዜና እኛ ቤት መጥተው ነው የሚያዩት። ባለፈው ዕረፍት አብሬያቸው ተቀምጬ ነበር። ኮቱን ለብሶ ስለ ዝናብ አነበበ፣ ስለ መንገድ አነበበ፣ ድምፁ እንደ ድሮው ነው። ቀጥሎ ስለ ቅጂ መብት ጥሰት የሚናገር አንድ ዜና ደረሰው። አሳለ። ውሃ ጠጣ፣ ቀጠለ፣ እንደገና አሳለ።

"ምን ነክቶት ነው ልጄ?" አሉ እትዬ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው። "ባለፈውም እንዲህ ያለ ወሬ ላይ ሲደርስ ነው ያሳለው።"

"ብርድ ይሆናል እትዬ" አልኳቸው፤ ትራሱን ከጀርባቸው አመቻቸሁላቸው።